ስማችንን ያውቃሉ፤ ማዕዳቸውን አናውቅም

የካሪቢያን የመንገድ ምግብ በላንግሊ ፓርክ

ረቡዕና ዓርብ ከቤቱ ውጭ የዋለ ጾመኛ አሜሪካን አገር ምን ይበላል? ጥያቄው በስደት ለምንኖር ኢትዮጵያውያን አዲስ አይደለም። የመሥሪያ ቤት ካፌቴሪያ የሚያቀርበው ሣንድዊች ያለ ቺዝና ያለ ማዮኔዝ አይታሰብም። ሰላጣው ላይ እንኳ አይብ ተበትኖበታል። ድንች ጥብሱም ቢሆን ብዙ ጊዜ ከዶሮው ጋር በአንድ ዘይት የተጠበሰ ነው። ስለዚህ ብዙው ወገናችን ወይ ሽሮውን በዕቃ ቋጥሮ ይወጣል፣ አለዚያም እስከ ማታ ጦሙን ይውላል።

ውድ አንባቢያን! መልሱ ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም ሳይርቅ፣ ዘወትር በመኪና በምናልፍበት መንገድ ዳር ይገኛል። የሚገኘውም በካሪቢያን ሰዎች ድስት ውስጥ ነው። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ለእኛ ከቶውንም ባዕድ አይደሉም። እኛ ስለ እነሱ ብዙ ባናውቅም፣ ከእነሱ መካከል የኢትዮጵያን ስም በመዝሙርና በጸሎት ሲያነሱ የኖሩ ብዙዎች ናቸው። ስማችንን ያውቃሉ፤ እኛ ግን ማዕዳቸውን አናውቅም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጉድለት በትንሹም ቢሆን ለማቃናት ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የባለጸጋ ርስት የነበረው የስደተኛ ሠፈር

ላንግሊ ፓርክ የኒው ሃምፕሸር አቬኑና የዩኒቨርሲቲ ቡሌቫርድ የሚጋጠሙበት፣ የሞንትጎመሪና የፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲዎች የሚዋሰኑበት የሜሪላንድ ሠፈር ነው። ስሙን ያገኘው ማኮርሚክ-ጉድሃርት የሚባሉ ባለጸጎች ከነበራቸው ርስት ነው። እነሱ በ1924 ያሠሩት ትልቅ ቤት ዛሬም ቆሟል፤ ስደተኞችን የሚረዳው ካሳ የተባለው ድርጅት መገልገያ ሆኗል። የባለጸጋ ርስት የነበረው ቦታ የስደተኛ መጠጊያ ለመሆን በቅቷል ማለት ነው።

ዛሬ የሠፈሩ ነዋሪ በአብዛኛው ከጓቲማላ፣ ከኤል ሳልቫዶርና ከሌሎች የማዕከላዊ አሜሪካ አገሮች የመጣ ነው። በዙሪያው ደግሞ የምዕራብ አፍሪካ፣ የካሪቢያን፣ የህንድና የእኛም ሰው ይኖራል። በመጋጠሚያው አካባቢ፣ በአን ስትሪት ላይ፣ ከ2007 ጀምሮ ክሮስሮድስ የሚባል የገበሬዎች ገበያ ተቋቁሟል። ይህ ገበያ በሁለት ነገር ይታወቃል። አንደኛ፣ ፉድ ስታምፕ ይዞ ለሚመጣ ሸማች የገንዘቡን ዋጋ በተጨማሪ ኩፖን በማጠፍ በአገሪቱ ከመጀመሪያዎቹ ገበያዎች አንዱ ነው። ሁለተኛ፣ የሚቆመው እንደ ሌሎቹ ቅዳሜና እሑድ ሳይሆን ረቡዕ ነው። ረቡዕ ደግሞ ለእኛ የጾም ቀን ነው!

እውነቱን ለመናገር፣ በዚህ ሠፈር ጎልቶ የሚታየው የመንገድ ምግብ ፑፑሳና ታማሌ ነው። የካሪቢያኑን ትንሽ መፈለግ ያሻል። አንዳንዴ በድንኳን ሥር፣ አንዳንዴ በምግብ መኪና፣ አንዳንዴም በትንሽ መጋገሪያ መስኮት በኩል ይገኛል። ሲገኝ ግን ምን ብለው እንደሚያዝዙ ማወቅ ይጠቅማል፤ አለዚያ ወረፋው ደርሶ ዝርዝሩን ሲያዩ መደናገር ይመጣል።

የሽምብራው ነገር

ከትሪኒዳድ የመጣው ደብልስ ለጾመኛ ታስቦ የተሠራ ይመስላል። በእርድ ቢጫ የሆነ፣ በእርሾ የቦካ የስንዴ ሊጥ በመዳፍ ተጠፍጥፎ በዘይት ይጠበሳል። ይህንን ባራ ይሉታል። በሁለት ባራ መካከል በካሪ ቅመም የበሰለ ሽምብራ ይጨመራል። ከላይ የተከተፈ ኪያር፣ ኮምጠጥ ያለ የሁመር ስልስና የቃሪያ ድልህ ይፈስበታል። ሥጋ የለውም፣ ወተት የለውም፣ ቅቤ የለውም፣ ዕንቁላልም የለውም። ሻጩ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በርበሬው ይብዛ ወይስ ይነስ? «ስላይት» ካሉት ጥቂት ጠብ ያደርግበታል። በሚጥሚጣ ያደገ ሰውም ቢሆን ለመጀመሪያ ቀን «ስላይት» ቢል ይሻለዋል፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ እንመጣበታለን።

ደብልስ በሹካ አይበላም። ወረቀቱን ዘርግቶ፣ ባራውን በጣት ቆርሶ፣ ሽምብራውን ጠቅልሎ መጉረስ ነው። ለዚህ ኢትዮጵያዊ አስተማሪ አያስፈልገውም። ጣዕሙም ከቤት ብዙ አይርቅም፤ ለስላሳ ፓስቲ ውስጥ የሽምብራ ወጥ የገባበት ቢባል ለማስረዳት ይቀርባል።

የደብልስ ታሪክ ራሱ የስደት ታሪክ ነው። እንግሊዞች በ1830ዎቹ ባርነትን ካስቀሩ በኋላ የስኳር እርሻ ጌቶች ርካሽ ጉልበት ፍለጋ ወደ ህንድ ዞሩ። ሜይ 30 ቀን 1845 ፋቴል ራዛክ የተባለችው መርከብ የመጀመሪያዎቹን የህንድ ኮንትራት ሠራተኞች ትሪኒዳድ አደረሰች። ይህ የሰው ጭነት እስከ 1917 ቀጠለ። ሠራተኞቹ ሽምብራቸውን፣ እርዳቸውንና ሮቲ የሚባለውን ቂጣቸውን ይዘው ሄዱ። በ1936 ፕሪንስስ ታውን በተባለች ከተማ ኢማሙል ዲን የተባለ ሰው ከባለቤቱ ጋር ሆኖ ሽምብራውን በአንድ ባራ ላይ እያደረገ መሸጥ ጀመረ። ደንበኞቹ ባራውን ደብል አድርግልን ማለት ስላበዙ ስሙ ደብልስ ሆኖ ቀረ ይባላል። የተሰደደ ሰው በባዕድ አገር ያቦካው ሊጥ ዛሬ የዚያች አገር መታወቂያ ሆኗል። እኛም እንጀራችንን በዚህ አገር የት እንደምናደርሰው እያሰብን ልብ ልንለው የሚገባ ነገር ነው።

ከደብልስ ሌላ በድንችና በሽምብራ የተሞላ ሮቲ፣ አሉ ፓይ የሚባለው በቅመም የታሸ ድንች የገባበት ጥብስ፣ የተጠበሰ የበሰለ ፕላንቴን፣ እንዲሁም ከካሳቫ የሚሠራው ባሚ አሉ። ባሚን ያየ ጉራጌ ወይም ሲዳማ ወንድማችን «ይህስ ቆጮ ነው!» ቢል አንፈርድበትም፤ መልኩ ይመሳሰላልና።

አይታል፦ የእነሱ ጾም

በጃማይካ ያሉ ራስ ተፈሪያውያን አይታል የሚሉት የአመጋገብ ሥርዓት አላቸው። ቃሉ ሕይወት ሰጪ ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የተገኘ ነው። አይታል ምግብ በአብዛኛው ሥጋ የለበትም፤ ጥብቅ የሆኑት ጨው እንኳ አይጨምሩበትም። ጎመን፣ ዱባ፣ ባቄላ፣ ካሮትና የሥራ ሥር ዓይነት በኮኮናት ወተት ይበስላል። የኮኮናቱ ወተት የቅቤን ቦታ ይተካል ማለት ይቻላል፤ ወጡን ወፈር፣ ለስለስ ያደርገዋል። የሚያጣፍጡበትም ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ጦስኝ ነው። አዎን፣ ጦስኝ! ሀገር ቤት ከሻይ ጋር የምናፈላው ጦስኝ በጃማይካ ድስት ውስጥ የማይጠፋ ቅጠል ነው።

ስለዚህ ከጃማይካ ሻጭ ፊት የቆመ ጾመኛ ነገሩን ማስረዘም አያስፈልገውም። «አይታል ነወይ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ሆኖም ጥንቃቄ አይከፋም። ፌስቲቫል የሚባለው ጣፋጭ የበቆሎ ዱቄት ጥብስ ወተት ወይም ዕንቁላል ሊገባበት ይችላል። ኮኮ ብሬድ የሚባለው ዳቦ ስሙ ኮኮናት ቢመስልም የሚቦካው በወተትና በቅቤ ነው። ጨው የበዛበት የደረቀ አሣ ደግሞ በየምግቡ ይገኛል። አሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን የቆየ ክርክር ለአባቶች እንተወውና፣ የማይበላ ሰው አስቀድሞ ይጠይቅ።

ለፍስኩ ቀን

ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ጀርክ አለ። ጀርክ ዶሮ ወይም ሥጋ ከነቅመሙ ታሽቶ አድሮ፣ በፍምና በጭስ ቀስ ብሎ የሚበስልበት አሠራር ነው። በጃማይካ መንገድ ዳር ሰፊ በርሜል ለሁለት ተሰንጥቆ፣ እንደ ሣጥን እየተከፈተና እየተዘጋ ምድጃ ሆኖ ያገለግላል። ጭሱ ራሱ ደንበኛ ይጠራል።

ይህ አሠራር ከባርነት አምልጠው ወደ ተራራ ከሸሹት ማሩኖች ጋር ይያያዛል። የደሴቲቱ ጥንታዊ ነዋሪዎች ከነበሩት ታይኖዎች የተማሩትን ሥጋ የማቆየት ዘዴ ይዘው፣ ጭሱ ለእንግሊዝ ወታደር እንዳያጋልጣቸው ጉድጓድ ውስጥ ያበስሉ ነበር እየተባለ ይተረካል። እንግሊዞችም ሊያሸንፏቸው ስላልቻሉ በ1739 ውል ለመፈራረም ተገደዱ። በኢጣሊያ ጊዜ በሶ ጨብጠው ዱር ለገቡት የአርበኞች ልጆች ይህ ታሪክ እንግዳ አይሆንም።

የጀርክ ቅመም ዋናው ፒሜንቶ የሚሉት ፍሬ ነው። ሲያዩት ትልቅ ቁንዶ በርበሬ ይመስላል፤ ሲያሸቱት ግን ቅርንፉድ፣ ቀረፋና ገውዝ በአንድነት የተወቀጡ ያህል ነው። ሁለተኛው ስኮች ቦኔት የሚባለው ቃሪያ ነው። የስኮትላንዶችን ቆብ ስለሚመስል ነው ስሙ የተሰጠው። የቃሪያ ኃይል በሚለካበት በስኮቪል መለኪያ ከ100,000 እስከ 350,000 ይደርሳል፤ ሜክሲኮዎች የሚወዱት ሃላፔኞ ግን ከ8,000 ብዙም አያልፍም። ቀደም ሲል «ስላይት» በሉ ያልነው ለዚህ ነው። በሚጥሚጣ የሚኩራራ ሰው ኩራቱን ጠበቅ አድርጎ ይያዝ።

አንድ ማሳሰቢያ አለ። ጀርክ በዶሮም በአሳማም ይሠራል፤ ሁለቱ በአንድ ፍርግርግ ላይ ጎን ለጎን ሊጠበሱ ይችላሉ። ሙስሊም ወገኖቻችንም ሆኑ አሳማ የማይበሉ ክርስቲያኖች ይህንን ቢጠይቁ ማንም አይቀየምም። ከካሪቢያን ሰዎች መካከል ራሳቸው አሳማ የማይነኩ ብዙዎች አሉ። ፓቲ የሚባለው ቢጫ ቅርፊት ያለው ሣምቡሣ መሰል መክሰስም እንዲሁ ነው፤ ውስጡ የተፈጨ የበሬ ሥጋ ቢሆንም ሊጡ በእንስሳ ሞራ ሊታሽ ይችላል። ፓቲ ከእንግሊዝ ሠራተኞች ምሳ ቅርጹን፣ ከህንድ እርዱን፣ ከደሴቲቱ ቃሪያውን የወሰደ ነው። በ1985 የካናዳ መንግሥት የቶሮንቶ ሻጮችን ምግባችሁን ፓቲ ብላችሁ አትጥሩ ቢላቸው እምቢ ብለው ተከራክረው፣ «የጃማይካ ፓቲ» በሚል ስም እንዲሸጥ አስፈቅደዋል። ስደተኛ ተባብሮ ሲቆም የምግቡን ስም እንኳ ያስከብራል።

የሄይቲ ሰው ካጋጠማችሁ ደግሞ ስለ ጁሙ ሾርባ ጠይቁት። በዱባ የሚሠራ ሾርባ ነው። በባርነት ዘመን ጌቶች የሚበሉት፣ ባሪያው የሚያበስለው እንጂ የማይቀምሰው ነበር ይባላል። ሄይቲዎች ፈረንሳይን አሸንፈው በጃንዩዋሪ 1 ቀን 1804 ነፃነታቸውን ካወጁ ወዲህ በየዓመቱ በዚያ ቀን ይጠጡታል። በ2021 ዩኔስኮ በማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት መዝግቦታል። የአድዋን ቀን የምናከብር ሰዎች የነፃነት ሾርባ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አንሻም።

የምናውቀው መጠጥ በሌላ ስም

ሶረል የሚባል ቀይ መጠጥ ሲያቀርቡላችሁ ቀምሳችሁ ትስቃላችሁ። በሱዳን በኩል የተሰደደ ሁሉ የሚያውቀው ከርከዴ ነው! እነሱ ዝንጅብልና ስኳር ጨምረው በተለይ ለገና ያዘጋጁታል። አንዳንዱ ረም ስለሚጨምርበት መኪና የሚነዳ ሰው ይጠይቅ።

ሞቢ የሚባለው ደግሞ የዛፍ ልጥ ተቀቅሎ የሚዘጋጅ መራራ መጠጥ ነው። የመጀመሪያው ጉንጭ ጌሾ ጌሾ ይላል። የሚገርመው፣ የሞቢው ዛፍና ጌሾ በዕፅዋት ሊቃውንት አመዳደብ ከአንድ ቤተሰብ ናቸው። ጠላ የለመደ ምላስ ከሞቢ ጋር ለመስማማት ጊዜ አይፈጅበትም።

ለምን ስማችንን ያውቃሉ?

ከማዕዱ ወደ ሰዎቹ እንመለስ። ኢትዮጵያዊ መሆናችንን ሲሰሙ ፊታቸው የሚበራ የካሪቢያን ሰዎች ያጋጥሙናል። አንዳንዶቻችን በደስታ ሰላምታውን እንመልሳለን። አንዳንዶቻችን ግን ጃንሆይን አምላክ የሚል ሰው ሲገጥመን ግራ ተጋብተን እንስቃለን፣ ወይም ፊታችንን እናዞራለን። ከአብዮቱ ወዲህ ያደገው ትውልድ በተለይ ነገሩ ተረት ይመስለዋል። ከካሪቢያን ሰዎች መካከል ራስ ተፈሪያውያን ጥቂቶቹ ብቻ እንደሆኑ ሳናውቅም፣ ጸጉሩን የገመደውን ሁሉ በአንድ ዓይን እናያለን።

ታሪኩ ግን ከዚያ ይሰፋል። ከአድዋ ድል በኋላ በ1897 ቤኒቶ ሲልቫን የተባለ የሄይቲ ተወላጅ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ዳግማዊ ምኒልክን አግኝቷል። በ1935 ፋሺስት ኢጣሊያ ሲወረን ለንደን ላይ የኢትዮጵያን ጉዳይ ይዞ የተነሣውን የአፍሪካውያን ወዳጆች ማኅበር በሊቀ መንበርነት የመራው ሲ. ኤል. አር. ጄምስ የትሪኒዳድ ሰው ነበር። እዚሁ ዋሽንግተን፣ ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የተማሩት ዶክተር መላኩ በያን በ1937 ኒው ዮርክ ላይ ኢትዮጵያን ወርልድ ፌዴሬሽንን ሲያቋቁሙ ከጎናቸው ከቆሙት መካከል የካሪቢያን ስደተኞች ነበሩበት። ለዚህ ውለታ ነው በ1948 ሻሸመኔ ላይ 200 ሄክታር ያህል መሬት የተሰጠው።

ከባርቤዶስ የሄዱት ወይዘሮ ሚኞን ፎርድ አዲስ አበባ ላይ የልዕልት ዘነበወርቅን ትምህርት ቤት አቋቁመዋል። የጋያናው ዴቪድ ታልቦት የኢትዮጵያን ሄራልድ ዋና አዘጋጅ ሆነው ሠርተዋል። ኤፕሪል 21 ቀን 1966 ንጉሠ ነገሥቱ ኪንግስተን ሲደርሱ ሕዝቡ አጥሩን ጥሶ አውሮፕላኑን ስለከበበው፣ ሞርቲመር ፕላኖ የተባለው የራስ ተፈሪያውያን መሪ መሰላሉን ወጥቶ ሕዝቡን ማረጋጋት ነበረበት። በኋላም አቡነ ይስሐቅ በጃማይካ፣ በትሪኒዳድና በጋያና የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን አስፋፍተዋል። ቦብ ማርሊ እንኳ በ1980፣ ከማረፉ በፊት፣ በዚህችው ቤተ ክርስቲያን ተጠምቋል። በሻሸመኔ ለብዙ ዓመታት ያለ ወረቀት የኖሩት ደግሞ በ2017 የኢትዮጵያ መንግሥት የነዋሪነት መታወቂያ እንደሚሰጣቸው አስታውቋል። እነሱ እኛ ዘንድ ወረቀት ይጠብቁ ነበር፤ እኛ እዚህ ወረቀት እንጠብቃለን። ስደት እንዲህ ዓይነት ዘመድ ያደርጋል።

ጃንሆይን በተመለከተ ያለን አስተያየት የተለያየ ነው፤ ይሁን። ማዕድ ላይ የሃይማኖት ክርክር አይነሣም። ሰላም ያለንን ሰው ሰላም ማለት ግን ምንም አያስከፍለንም።

ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ ልጆቻችንን ይዘን እንሂድ። እዚህ ተወልደው ያደጉት ልጆች ትምህርት ቤት አብረዋቸው የሚማሩትን የጃማይካና የትሪኒዳድ ልጆች ያውቃሉ፤ የማያውቁት ታሪካችን የት ላይ እንደሚገናኝ ነው። ከሙዚየም ይልቅ አንድ ደብልስ ለሁለት ቆርሶ ማውጋት ይሻላል። የምግብ ሻጯን ሴት «አንቲ» ብለው እንዲጠሩም ንገሯቸው፤ እኛ እማማ፣ እትዬ እንደምንለው፣ እነሱም ለታላቅ ሴት እንዲህ ይላሉ።

ሁለተኛ፣ ገበያው ከጸደይ እስከ ኅዳር አካባቢ እንጂ በበረዶው ወራት ስለማይቆም ቀኑንና ሰዓቱን አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ፉድ ስታምፕ ያላችሁ ደግሞ አትክልትና ፍራፍሬውን ልትገዙበት እንደምትችሉ፣ ትኩስ የበሰለ ምግብ ግን በሕጉ መሠረት በጥሬ ገንዘብ ወይም በሌላ ካርድ እንደሚከፈል እወቁ።

ሦስተኛው ነገር ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። ከቤተዝዳ እስከ ኒው ካሮልተን 16 ማይል የሚዘረጋው ፐርፕል ላይን የተባለው የባቡር መስመር በዚሁ መጋጠሚያ ላይ ጣቢያ አለው። አገልግሎቱ በ2027 መጨረሻ ወይም በ2028 መጀመሪያ ይጀምራል ተብሎ ታቅዷል። ባቡር መምጣቱ ለሠራተኛው መልካም ነው። ነገር ግን ባቡር በሄደበት ኪራይ እንደሚወጣ የአዳምስ ሞርጋንና የዩ ስትሪት ነጋዴዎቻችን በሚገባ ያውቁታል። በትንሽ መስኮት ፓቲ የሚሸጥ፣ በድንኳን ሥር ሽምብራ የሚያወጣ ሰው ኪራዩን ችሎ የሚቆየው ጎረቤቱ ሲገዛለት ብቻ ነው። ሐበሻ ለሐበሻ ብቻ መሸጡ የት እንዳደረሰን ዘወትር የምንነጋገርበት ጉዳይ ነው፤ ሌላው ዓለም እንጀራችንን እንዲለምድ ከፈለግን እኛም የሌላውን መሶብ መክፈት ይገባናል።

ማዕድ ብድር ነው። የካሪቢያን ሰዎች እኛን ሳያዩ በፊት ለስማችን ተሰልፈዋል፣ አዋጥተዋል፣ አልቅሰዋል። እኛ ደግሞ አንድ ረቡዕ ወረፋ ይዘን፣ ጥቂት ዶላር አውጥተን፣ «ስላይት» ብለን ብናዝዝ አይበዛብንም።

መልካም ገበታ!